ተራራው ይዘጋ ተባለ፤ የአባቴ በሬዎች ምን ይብሉ?

ፋርጤው

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ጎንደር ፋርጣ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን አዲስ አበባ የምሠራ ሰው ነኝ። ባለፈው እሑድ አባቴ ደውሎ «ተራራውን ሊዘጉብን ነው። እጅ አውጡ ተባልን፤ እኔ አላወጣሁም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም፤ ምክንያቱም እኔ ስብሰባው ላይ ብኖር እጄን አወጣ ነበር።

ተራራው የምንለው ከመንደራችን በላይ ያለውን የወል ግጦሽ ነው። የቀረበው ሐሳብ ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ ለሦስት ዓመት ይከለል፣ ከዚያ በኋላም ሣሩ እየታጨደ ይወሰድ እንጂ ከብት አይግባበት የሚል ነው።

እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እዚያ ላይ ከብት ጠብቄአለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ማገጡና ሰርዶው ተቀላቅሎ ይበቅልና ጥጃ ሲተኛበት ጆሮው ብቻ ነበር የሚታየው። ከቋጥኙ ሥር ምንጭ ነበረች፤ እስከ ሚያዝያ አትደርቅም። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ስሄድ ወጥቼ አየሁት። ከብቶቹ የሚመላለሱበት ዱካ ተራራውን ከወገቡ እስከ እግሩ እንደ ደረጃ ሸንትሮታል። በዱካውና በዱካው መካከል የቀረው ሣር ከጥፍር አይረዝምም፤ ጎንበስ ብዬ ልነቅል ብሞክር በጣቴ የሚያዝ ነገር አጣሁ። ከታች ያለውን ቦረቦር እረኛ ሳለሁ በአንድ ዝላይ ነበር የምሻገረው። አምና ነሐሴ የጎረቤታችን ላም ገብታበት ስድስት ሰው በገመድ ጎትቶ ነው ያወጣት። ምንጯም አሁን ከገና በኋላ የለችም።

አባቴ ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ አንድ ጊደር፣ ሰባት በግና አንድ አህያ አለው። ግትር ሰው አይደለም፤ በቀበሌው መጀመሪያ እርከን ከሠሩት አንዱ ነው። የሚለኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ጭዱ የካቲትን አያልፍም። ከዚያ እስከ ሰኔ በሬዬን ምን ላብላው? በሬው ከከሳ በምን አርሳለሁ?» መልስ የለኝም። እሱም እናቴም ስልሳ አልፈዋል፤ ሣር አጭዶ የሚያመጣላቸው ልጅም ቤት ውስጥ የለም።

በአካባቢያችሁ የወል ግጦሽ ተዘግቶ ያያችሁ ሰዎች፣ እንዴት እንዳለፋችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የልማት ሠራተኛው

ወንድሜ፣ የአባትህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በግብርና ልማት ሠራተኝነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ተራራ የዘጉ ቀበሌዎች ጥበቃው ቤቱ በገባ ማግሥት ከብቱ ሲመለስበት አይቻለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርህ። ሣር ሥሩን የሚቀልበው በቅጠሉ ነው። ከብት በልቶት ከሄደ በኋላ ጥቂት ሳምንት ካረፈ ቅጠል ያወጣል፣ ሥሩም ይጠግባል። ሳያርፍ በየቀኑ ከተጋጠ ግን ሥሩ እያጠረ ይሄዳል። ደግሞ ከብት የሚወደውን መርጦ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚጠፋው ያ ያልከው ማገጥ ነው፤ የሚቀረው የማይበላው ነው። በዚያ ላይ የእግሩ ነገር አለ። በክረምት አፈሩ ርሶ ሳለ ከብት ሲረግጠው ውሃ የሚሰርግበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። ዝናቡ መሬት ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ቁልቁል ይሮጣል። ያ የሮጠው ውሃ ነው ቦረቦሩን ያሰፋው፤ ሳይሰርግ የቀረው ውሃ ነው ምንጯን ያደረቃት። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

አሁን ወደ መኖው። 250 ኪሎ የሚመዝን የአገራችን ከብት በቀን ከ6 ኪሎ በላይ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በዓመት ከ2 ቶን በላይ ማለት ነው። የአባትህን ሁሉንም አስቤ ስደምረው ወደ 10 ቶን ይጠጋል። ጭዱን ከዚያ ላይ ቀንሱና የሚጎድለውን እወቁት። ብዙ ሰው ጉድለቱን ሳያውቅ ነው የሚጨነቀው።

ከዚያ በኋላ በእናንተ ደጋ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ድርቆሽ ነው። ገበሬያችን ሣሩን የሚያጭደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቢጫ ሆኖ ነው፤ ክምሩ ትልቅ ይሆናል፣ ምግቡ ግን አልቋል። ማበብ ሲጀምር፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ይታጨድ። ሁለተኛው ደሾ ሣር ነው፤ የራሳችን አገር ሣር ነው፣ በጋሞ ደጋ በጨንቻ በኩል ነው በደንብ የታወቀው። ከሥሩ እየተገነጠለ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ይተከላል፤ እርከኑንም ይይዛል፣ መኖም ይሆናል። አባትህ እርከን ካለው ቦታው ተዘጋጅቶለታል። ሰስፓንያ የሚባለውን የመኖ ተክል ቢሰጧችሁ ግን ውርጩ ይገድለዋል፤ ለእናንተ ከፍታ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ይሻላል።

ጭዱንም በዩሪያ ማዳበሪያ ማከም ይቻላል፦ ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ፣ ረጭቶ፣ በላስቲክ አፍኖ ለሦስት ሳምንት ማስቀመጥ። ከተከፈተ በኋላ ሽታው እስኪወጣ ማናፈስ ያስፈልጋል። አደራ፣ ዩሪያውን እንዳለ ከብት እንዳይቀምሰው፤ ይገድላል። ለጥጃም አይሰጥም።


የደሴዋ

እኔ የምናገረው ከእናቴ ቤት ያየሁትን ነው። ደቡብ ወሎ ገጠር ነን። የእኛ ተራራ ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ክትክታውና ወይራው ሰው ይደብቃል፤ ሣሩም ወገብ ይደርሳል። ይህን ማንም አይክድም። ያስከፈለንን ግን ሰው አይናገረውም፤ እኔ ልናገረው።

ከብት በልቅ ግጦሽ ሲውል ራሱ ሄዶ ይበላል፣ ራሱ ወንዝ ወርዶ ይጠጣል። ሲታሰር ሣሩን አንድ ሰው ተሸክሞ ያመጣል፣ ውሃውንም አንድ ሰው ቀድቶ ያመጣል። ያ ሰው በእኛ ቤት እናቴና እኔ ነበርን። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማጭዴን ይዤ እወጣለሁ። የሣሩ ሸክም በጀርባ ነው፤ ገመዱ ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ አሁንም ጠባሳው አለ። አንዲት ላም ብቻዋን በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ እንደምትጨርስ ያልቀዳ ሰው አያውቀውም።

በሌላ በኩል ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት የገባው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እረኛ ነበር። እረኝነቱ ሲቀር እሱ ተማረ፤ ሸክሙ ደግሞ ወደ እኛ ዞረ።

ወንድሜ ፋርጤው፣ አባትህን «ማን ያጭዳል?» ብለህ ጠይቀው። «እናትህ» የሚል መልስ ከሰጠህ መጀመሪያ ይህን መላ በሉት። እኛ ዘንድ ነገሩ የቀለለው አህያ ሲገዛና አጨዳው ወንዶቹ በደቦ የሚወጡበት ሥራ ነው ተብሎ በደንቡ ሲገባ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሣሩ የተከፋፈለው በከብት ቁጥር ሳይሆን በቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት እኩል። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ አንድም ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን አጭዳ ለባለ በሬዎች ትሸጥ ነበር። ያች ሴት ተራራው ክፍት በነበረ ጊዜ ከዚያ መሬት ያገኘችው አንዳች ነገር አልነበረም። ከተዘጋ በኋላ ሌሊት ከብት ሲገባበት መጀመሪያ ወጥታ የምትጮኸው እሷ ሆነች።


ከተሜ

ሁላችሁም ስለ መኖ ታወራላችሁ፤ ለምን ስለ ቁጥሩ አናወራም? ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት፣ ከአፍሪካ አንደኛ ናት። ግን የአገር ላሟ በቀን ሁለት ሊትር ወተት አትሞላም። ከብት ሲያመሰኩ የሚወጣው ሚቴን የሚባል ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ አየሩን በብዙ እጥፍ ያሞቃል፤ ደረቅ ጭድ ብቻ የሚበላ ከብት ደግሞ ለአንድ ሊትር ወተት የሚያወጣው ሚቴን ይበዛል። አምስት ደካማ ከብት ከመያዝ ሁለት ጥሩ ከብት መያዝ ለመሬቱም ለገበሬውም አይሻልም? ይህን የምለው ገበሬን በመናቅ አይደለም፤ የመሬቱ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው።


የልማት ሠራተኛው

ከተሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ግን የአንድን ገበሬ ቤት ከውስጥ እንየው። ጤፍ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ለዚያ ጥማድ በሬ ያስፈልጋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው መቀናጆ ይለምናል፣ ዝናቡ በገባበት ሳምንት ደግሞ ተራው እስኪደርስ የሰው ማሳ ሲዘራ ቆሞ ያያል። በሬው እርጅና ሲይዘው የሚተካው ወይፈን መኖር አለበት፤ ወይፈኑ ለቀንበር እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ወይፈን እንዲኖር ላም ትኑር፤ ላሟ ደግሞ በየዓመቱ አትወልድም፣ ብትወልድም ሴት ልትወልድ ትችላለች። ሁለት በሬ እንዲኖርህ አምስት ከብት የምትይዘው በዚህ ምክንያት ነው። የአባትየውን በረት ቆጥራችሁ ብታዩ ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ አንድ ጊደር ነው። ከዚያ የትኛውን ይሽጥ?

በተጨማሪም ልጅ ሲታመም የሚሸጠው በግ ነው። ኩበቱ ማገዶ ነው። ኩበቱ ተቃጥሎ መሬቱ ፍግ ማጣቱም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፤ ግን ባሕር ዛፍ ያልተከለ ሰው በምን ይጋግር?

ቁጥሩ መቀነስ አለበት በሚለው እስማማለሁ። የሚቀንሰው ግን ከብት አስሮ መቀለብ ሲጀመር በራሱ ነው፤ ሣሩን ተሸክሞ የሚያመጣ ሰው ደካማውን ከብት በሦስት ወር ውስጥ ይሸጠዋል። ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።


መንዜው

ልጄ ፋርጤው፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የምነግርህ ከጓሳ ነው። መንዝ ላይ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ያለበት። ሰው ዛሬ ቀበሮውን ለማየት ይመጣል፤ እኛ ግን ያንን አገር የጠበቅነው ለቀበሮው ብለን አልነበረም። ለሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ገሳ የሚባለው የዝናብ ልብስም ይሠራበታል። ዝናብና ብርድ በሚያይልበት አገር ገሳ ማለት ሕይወት ነው።

የአባቶቻችን ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። መሬቱ የአስቦና የጌራ ዘር አጽመ ርስት ነው። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፤ ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከብት መልቀቅም ሣር ማጨድም ክልክል ነው። ሣሩ ደረሰ ሲባል ቀኑ ለሕዝብ ይነገራል፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ለብዙ መቶ ዓመት የሠራ ነገር ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ርስቱ ፈረሰ፣ ቄሮውም አብሮ ፈረሰ። የማንም ነው ሲባል ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወጣ። ልብ በል፤ የቀድሞው ሥርዓት ፍትሕ ጎድሎት ነበር፤ ከዘሩ ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። አዋጁ ያንን አስተካከለ። ግን የሚዘጋውንና የሚከፍተውን ሰው አብሮ አጠፋው። ኋላ ላይ የቀበሌዎቹ ሰዎች ተመካክረው በኮሚቴና በደንብ እንደገና አቋቋሙት፤ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ነው የሚጠበቀው።

አባትህ እጁን ያላወጣው ሣር ጠልቶ አይመስለኝም። የሚከፈትበትን ቀን ማን እንደሚወስን ስላልተነገረው ይሆናል። መዘጋቱን ነግረውታል፤ ስለ መከፈቱ የነገረው ማን ነው?


ከያቤሎ

ይህን ውይይት በጥሞና አነበብኩት። እኔ የቦረና ሰው ነኝ፣ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ሁላችሁም «ልቅ ግጦሽ» ስትሉ እንደ በሽታ ትጠሩታላችሁ። ለእናንተ ተራራ እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ከብት ማሠር ማለት ከብት መግደል ነው፤ ዝናቡ ዘንድሮ እዚህ ይዘንባል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ። ከብቱ ዝናቡን ተከትሎ መሄድ አለበት።

የእኛም ግጦሽ ሥርዓት የሌለው አልነበረም። የሚታለቡት ላሞች ከመንደሩ አጠገብ ይውላሉ፤ ዋራ እንላቸዋለን። ደረቆቹና ወይፈኖቹ ፎራ ሆነው ሩቅ ይሄዳሉ። ለጥጆች ካሎ የሚባል ግጦሽ ይከለላል፤ ትልቅ ከብት አይገባበትም። የበጋው ግጦሽ ጥልቅ ጉድጓዶቹ፣ ኤላዎቹ ያሉበት አካባቢ ነው። ሰዎች መሰላል ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃ ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀብሉበትን ምናልባት በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። ተራውን የሚጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። ክረምት ሲሆን ኤላው አይቀዳም፣ ከብቱ ወደ ዝናብ ኩሬዎቹ ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ የኤላው አካባቢ ሣር ያርፋል። ውሃውን የያዘ ሰው ሣሩንም ይዟል ማለት ነው።

ይህን ያበላሸው ከብቱ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልማት ተብሎ በክረምቱ ግጦሽ መሃል ትልልቅ ኩሬ ተቆፈረ። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ስለማያልቅ ሰው እዚያው ሰፈረ፣ ሣሩ ማረፊያ አጣ። በዚያው ዘመን ደግሞ ሣር ማቃጠል ተከለከለ። አባቶቻችን የደረቀውን ሣር በየተወሰነ ዓመት ያቃጥሉ ነበር፤ እሳቱ ትንንሹን እሾህ ይገድላል፣ መዥገሩንም። እሳቱ ሲቀር የግራር ቁጥቋጦው ሜዳውን ዋጠው። ዛሬ በልጅነቴ ከብት የጠበቅኩበት ሜዳ ፍየል እንጂ ላም አትገባበትም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ የሆነውን ሰምታችኋል። አጎቴ ከብቶቹን በሙሉ አጣ። በድኑን እየጎተተ ከመንደሩ ሲያርቅ ነበር ያገኘሁት፤ የእያንዳንዷን ላም ስም እየጠራ። ሄዶ የሚያድርበት የተጠበቀ ግጦሽ ቢኖር ኖሮ ግማሹ ይተርፍ እንደነበር እሱም እኔም እናውቃለን።


ከሃይፋ

የያቤሎው ወንድማችን ስለ እሳትና ስለ ቁጥቋጦ ያለው ነገር እዚህ የምኖርበትን አገር አስታወሰኝ። ቤተሰቦቼ ወገራ ከብት ያረቡ ነበሩ፤ እኔ ያደግኩት እስራኤል ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1950 ፍየል ዛፍ ታጠፋለች ተብሎ ግጦሿን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ሰዎች የጥቁሯ ፍየል ሕግ ይሉታል። ብዙ የዐረብና የበደዊን እረኞች መንጋቸውን ያጡበት ሕግ ነው። ጫካው በዛ፣ ግን ከዛፉ ሥር የሚበላው ያጣ ቁጥቋጦም አብሮ በዛ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 እዚህ ካርሜል ተራራ ላይ የተነሳው እሳት 44 ሰው ገደለ። ጭሱን ከቤታችን በረንዳ አይተነዋል። የእሳቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍየል ቁጥቋጦውን እየበላች እሳት እንደምትከላከል የሚናገረው ሰው በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ፓርላማው ያንን ሕግ ሻረው።

ፋርጤው፣ ሦስት ዓመት መዝጋቱ ጥሩ ነው። ለዘለዓለም የሚል ነገር ካለበት ግን ጠይቁ።


ደብረ ታቦር ነኝ

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ያለውን ላንሳ። ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ ብታዩ አገሩ ሁሉ ቡናማ ሆኖ በመካከሉ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ሲያጠና ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የከብት ጉዳይ ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ከሥራቸው ግን ተተኪ ችግኝ የለም። ከብት ስለሚገባ የበቀለው ሁሉ ይረገጣል ወይም ይበላል። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ማለት ነው።

ካህናቱና ምእመናኑ ከእሱና ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠሩ። ድንጋዩ ከየማሳው ነው የተለቀመው፤ ስለዚህ ገበሬው ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም አጥር አገኘ። አንዱን ገብቼ አይቼዋለሁ። ከካቡ ውጭ መሬቱ እንደ ምጣድ ነው፤ ከካቡ ውስጥ እግርህን የምታሳርፍበት እስክታጣ ችግኝ ነው። በመካከላቸው ያለው የአንድ ክንድ ድንጋይ ብቻ ነው።


ደባርቄ

አጭር ላድርገው። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲገባ አንዱ ምክንያት የከብት ግጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዋሊያው ሣር አገኘ። የግጭን ሰው ግን ከተማ መሃል ያለ በሬና ያለ በግ ሲኖር በየቀኑ አየዋለሁ፤ ካሳ የተቀበለውም ገንዘቡ አልቆበታል። ዋጋውን ማን እንደከፈለ እንዳይረሳ ነው።


የደሴዋ

ደባርቄ ያነሳኸው ትክክል ነው። እኔ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። የእኛ ተራራ በተዘጋ የመጀመሪያ ዓመት ሰው ከብቱን ወደ ጎረቤት ቀበሌ ግጦሽ ነዳው። የእኛ ሲለመልም የእነሱ ተጋጠ። በዱላ እስከ መጣላት ተደርሷል፤ ሽማግሌ ገብቶ ነው የበረደው። ፋርጤው፣ አጎራባቾቻችሁ ጋር ሳትነጋገሩ እንዳትዘጉ።


ፋርጤው

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፤ አልጠፋሁም፣ አገር ቤት ሄጄ ነበር። የጻፋችሁትን ሁሉ በስልኬ ለአባቴ አነበብኩለት። የጓሳውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

በማግሥቱ ጠዋት «ና እንውጣ» አለኝና ተራራው ላይ ወጣን። ምንጯ የነበረችበት ቋጥኝ ሥር ሲደርስ ተቀመጠ። በበትሩ መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ «እዚህ ነበር እናትህ እንስራ የምታቀርበው» አለ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቀው የሆዱን ነገረኝ። ስብሰባው ላይ እጁን ያላወጣው መዘጋቱን ጠልቶ አልነበረም። ሣሩ ለማን እንደሚከፋፈል ጠይቆ መልስ አላገኘም። ከእሱ በፊት በሌላ ቀበሌ የተዘጋ ቦታ ሣሩ በጨረታ ተሽጦ ባለ ገንዘብ ወስዶታል፣ የተከለከለው ሰው ግን እጁን አጣጥፎ ቀርቷል ሲባል ሰምቷል። «ሦስት ዓመት ከብቴን አስርቤ የጠበቅኩትን ሌላ ሰው በመኪና ጭኖ ሊወስደው ነው ወይ?» አለኝ። ጋሼ መንዜው፣ እርስዎ ሳያዩት አወቁት።

እናቴን «ማን ያጭዳል?» አልኳት፤ የደሴዋ እህቴ እንዳለችው። እናቴ ሳቀችና «ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ አባቴ ተነስቶ ተናገረ። ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሆዱ ውስጥ ነበር። የተስማሙት እንዲህ ነው፦ የላይኛው ግማሽ ዘንድሮ ይዘጋል፣ የታችኛው ለሁለት ዓመት ክፍት ይቆያል። ሣሩ ለእያንዳንዱ ቤት እኩል ይከፋፈላል፣ ከብት የሌለውም ድርሻ አለው። ለጥበቃው የሚከፈለው በሣር ነው። የሚከፈትበት ቀን በሕዝብ ስብሰባ ብቻ ይወሰናል። ከአጎራባች ቀበሌ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው መጥተው ነበር፤ ያልተወያየንበት ጉዳይ የለም ብለው ሄደዋል፤ ገና ብዙ እንደሚቀር ግን እናውቃለን። አባቴ እጁን አወጣ።

ጊደሯን ሊሸጣት ነው። አህያዋ ለሣር ሸክም ትቀመጣለች። በእርከኑ ጠርዝ ላይ ለደሾ ቦታ ለክቷል፤ ግንጣዩን ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ ሊያገኝ ነው። ትሪ ሉሰርኑንም አንድ ጣሳ ዘር ሰጥተውታል፤ ዘሩ ግን ጠንካራ ነው። አምና ጎረቤቱ ዘርቶት አንዱም ሳይበቅልለት ቀርቷል። ወንድሜ የልማት ሠራተኛው፣ ምን ያድርገው ብሎ ትናንት ማታ ደወለልኝ።


የልማት ሠራተኛው

የዘሩ ቅርፊት ውሃ አያስገባም፤ ለጎረቤቱ ያልበቀለለት በዚያ ነው። ውሃ ያፍሉ፣ ከእሳት ያውርዱ፣ ከዚያ ዘሩን ይጨምሩበትና ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፤ ሌሊቱን እዚያው ይደር። እሳት ላይ እንዳለ እንዳይጨምሩት፣ ይቀቀላል። ጠዋት ያበጠው ዘር ዝግጁ ነው፤ ያላበጠውን ለይተው እንደገና ይድገሙት። በፕላስቲክ ከረጢት ችግኝ አፍልቶ ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲይዝ ማዛወር ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት በግ እንዳይደርስበት ይጠር። አባትህን ሰላም በልልኝ፤ ሲበቅል ፎቶ ላክልን።